ዳኝነት ያልተጠየቀበት ክስ

መምህሩ ቢሮው ውስጥ ደረቅ ዳቦ እየቆረሰ ያንጎራጉራል። «ከደጅሽ ቆሜያለሁ፣ ጨረቃ እስኪወጣ…» ይልና ይቆማል። ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቶበታል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስታዜመው ሙሉ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው መኪናው ብቻ ነው። ለጋብቻቸው ዓመታዊ በዓል የጻፈችለትን የፍቅር ካርድ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ፣ ከሥሩ «ሐሳቡ ጥሩ፣ አደረጃጀቱ ደካማ» ብሎ ከመለሰላት ወዲህ፣ ራት ታቀርባለች እንጂ «ና ብላ» አትለውም። እሱ ደግሞ ካልጠሩት የማይቀርብ ኩሩ ነው። ስለዚህ ከዳቦ ጋር ኑሮ ጀምሯል።

በዚህ መሃል አንድ ተማሪው ገባ። ነገር ቶሎ ስለማይገባው ጓደኞቹ «ቀስታ» ይሉታል። የሕግ ጽሑፍ ትምህርት ላይ የወደቀ እንደሆነ ዓመቱን ሊደግም ነው።

ቀስታ፦ መምህር፣ ዜሮው ትንሽ አልበዛም?

መምህሩ፦ በዛ እንጂ። ከዚያ በታች ቢኖር እሱን እሰጥህ ነበር። ታሪኩን ጽፌ የሰጠሁህ እኔ፤ ራት የተነፈገ ባል ሚስቱን ይከሳል። ያንተ ሥራ ክሱን ማርቀቅ ብቻ። ይሄን ከየት አመጣኸው? (ያነባል) «ከሳሽ ተከሳሽን ይቅርታ ጠይቆ ራቱን እንዲበላ ይወሰንልን።» ሰው ከሶ በራሱ ላይ ያስፈርዳል?

ቀስታ፦ እርስዎ የሰጡን ታሪክ ሦስት ገጽ ሙሉ ስሞታ ነው። ሰውየው ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ግን የትም የለም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ዳኝነት ያልተጠየቀበት ክስ እንጉርጉሮ ነው ብለውናል፤ ከራሴ ጨመርኩበት።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ክስ አጻጻፍ፣ ስለ ኅዳግ፣ ስለ ነጠላ ሰረዝ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ቀስታም ሁሉንም በአክብሮት ሰምቶ፣ አንዱም አልገባኝም አለ።

መምህሩ፦ አድራሻውስ? እኔ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ነው ያልኩት። አንተ የቤት ቁጥር ጨመርክበት። ይሄ ፈጠራ ነው።

ቀስታ፦ ኧረ ፈጠራ አይደለም። ሄጄ አይቼው ነው።

(መምህሩ ዳቦውን ያስቀምጣል።)

መምህሩ፦ የት ሄደህ?

ቀስታ፦ አረንጓዴው በር ጋ። ለተከሳሽ ያልደረሰ ክስ ማገዶ ነው ብለው የለ? ትናንት አደረስኩ፤ የእርስዎንም ሦስት ገጽ አባሪ አድርጌ።

መምህሩ፦ አንተ ልጅ፣ መልመጃ እኮ ነው! የሌለ ሰው ነው!

ቀስታ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሳንኳኳ ግን ከፈቱልኝ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመርፌ ትራሱ እንኳ በታሪኩ እንዳሉት ግራ እጃቸው ላይ ታስሯል። እንዴት ያሉ ደግ ሴት መሰሉዎት! አስገብተው አበሉኝ።

መምህሩ፦ (ድምፁ ሰልሎ) ጠርተውህ?

ቀስታ፦ «ና ልጄ፣ ብላ» ብለው። ሁለቴ ጨመሩልኝ።

ከክሱ ይልቅ ይሄኛው ከበደው። ያችን «ና» ስንት ማታ በጆሮው ጠብቋታል፤ ያቺ «ና» ግን የቀስታ ሳህን ላይ አርፋለች።

መምህሩ፦ ለመሆኑ ከሳሹ ማን እንደሆነ ጭራሽ አልጠረጠርክም?

ቀስታ፦ ብዙ አሰብኩ። ግን መልመጃው «ትሁት፣ ታጋሽ፣ ሰው የማያርም ባል» ይላል። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በአእምሮዬ አለፈ። እርስዎ ብቻ አልመጡልኝም።

(ቀስታ ከቦርሳው ሦስቱን ገጽ ያወጣል። ከመጨረሻው ገጽ ሥር በቀይ ክር የተሰፋ ጽሑፍ አለ፦ «ሐሳቡ ጥሩ፣ አደረጃጀቱ ደካማ።»)

ቀስታ፦ ተከሳሿ መልሳቸውን ሰጥተዋል። «ሰውየው እንደከፋው ገብቶኛል፤ የሚፈልገውን ግን ራሱ ቀርቦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረኝ» ብለዋል። ቀጠሮው ዛሬ ለራት ነው።

መምህሩ መንገዱን ሁሉ ንግግሩን ሲያረቅቅ ሄደ። አንደኛ አለው፣ ሁለተኛ አለው፣ ማጠቃለያ አለው። አረንጓዴውን በር ሲከፍት ሚስቱ መኪናዋ ላይ ነች። ቀና ሳትል ጠየቀችው።

ልብስ ሰፊዋ፦ ምን እንዲደረግልህ ነው የምትጠይቀው?

መምህሩ፦ አንደኛ…

ሁለተኛው ጠፋው። አንደኛውም ተከትሎት ሄደ። ያን ሁሉ ክስ ያረቀቀ ሰው ደጁ ላይ እንደ ልጅ ቆመ።

መምህሩ፦ ይቅርታ። ናፍቀሽኛል። ርቦኛል።

ልብስ ሰፊዋ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር ያልኩት። (እግሯን ከመኪናው አንስታ ታዜማለች።) «በይ ግባ በይኝና፣ ልብላና ልጠጣ…»

የጠፋው ስንኝ ይሄ ነበር። ለካ ዘፈኑም ከነዳኝነቱ ኖሯል።

ልብስ ሰፊዋ፦ ና፣ ብላ።

ወደ ገበታው ዞር ሲል፣ ቀስታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቀድሞ ተቀምጧል።

ቀስታ፦ መምህር፣ ዜሮዬስ?

መምህሩ፦ ዜሮዋን ለእኔ ተዋት፤ የእኔ ናት።

ብሎ ወንበሩን ስቦ፣ ተቀምጦ፣ በላ።