የቀበቶ ፍታ መንገድ ርዝመት

ሰው ሕልሙን በሌሊት ያያል፤ ይርሳው ግን ትናንት፣ እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀበሌው መሰብሰቢያ ሜዳ በታች ባለችው ወይራ ጥላ ሥር አየ።

የተኛው ነገሩ ስላልቆረቆረው እንዳይመስላችሁ። ይርሳው የወይራ አምባ የእንስሳት ሐኪም ነው። የክትባት ሣጥኑን ከብስክሌቱ ኋላ በጎማ ገመድ አስሮ ከመንደር መንደር ይዞራል። የሚዞርበትም አሮጌው የጠጠር መንገድ ነው። አስፋልቱ በቆላው በኩል ከተዘረጋ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር ከዚህ መንገድ ጠፍቷል። ጡሩምባ የለ፣ አቧራ የለ፣ "ዞር በል አንተ!" የሚል ረዳት የለ። ከጎማ ሥር የሚንኮሻኮሽ ጠጠር፣ ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው የሚጠማዘዝ ቀይ መንገድ፣ በቃ። ይርሳው ይህን መንገድ ይወደዋል። ያፈቅረዋል ቢባልም ሐሜት አይሆንም።

ቀበሌው ደግሞ "መኪና ያልሄደበት መንገድ ምን ይሠራል?" ብሎ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ መሬቱ ለባሕር ዛፍ መትከያ በዕጣ ይከፋፈል የሚል ሐሳብ አመጣ። የሚወሰነው ትናንት ነበር። ይርሳው ተነሥቶ ሊከራከር ሳምንት ሙሉ ንግግሩን ሲያጠና ሰነበተ። ላም ሲያክም ሳይቀር ለላሟ እያሰማ ነበር። ስብሰባው ሰባት ሰዓት ላይ ተብሏል። የሰባት ሰዓት ስብሰባ ዘጠኝ ሳይሞላ እንደማይጀመር ግን አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። እሱም ጠዋት ሃያ ሦስት ፍየል ከትቦ፣ ሦስት ዳገት ወጥቶ ስለመጣ ደክሞታል። "እስኪሰበሰቡ ጎኔን ላሳርፍ" አለና ብስክሌቱን ግንዱ ላይ አስደግፎ ጋደም አለ።

ወዲያው ቀበቶ ፍታ ዳገት ላይ ነበር።

ቀበቶ ፍታ ስሙን ያገኘው ዳገቱን የሚወጣ ሁሉ መሃሉ ላይ ቆሞ ቀበቶውን ስለሚያላላ ነው። በሕልሙ ግን ዳገቱ ቁልቁለት ሆኖ ጠበቀው። ይርሳው ፔዳል ሳይረግጥ ሽቅብ ተንደረደረ። ጠጠሮቹ "ጎማው ይለፍ! ጎማው ይለፍ!" እየተባባሉ ግራና ቀኝ ዞር አሉለት።

ጫፉ ላይ አይሱዙዎች ተሰልፈው በእግራቸው ይመጣሉ። ጭነታቸውን ራሳቸው ላይ ተሸክመው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ፊተኛው ይርሳውን ሲያይ ሸራውን እንደ ባርኔጣ አውልቆ እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ አንዲት ጡሩምባ እንድነፋ ይፈቅዱልኛል?"

"ለምን?"

"ከጠዋት ጀምሮ አምቄያታለሁ፤ ሆዴን ቆረጠኝ።"

"እስከ ቆላ ታገሥ" አለው ይርሳው። መኪናው "እሺ ጌታዬ" ብሎ ጥጉን ይዞ አለፈ።

እሱ ሳይርቅ ነጭ ጓንት ያጠለቀች አህያ ፊሽካ ነፋች።

"ቁም! ጥፋትህን ታውቃለህ?"

"ምን አጠፋሁ እመቤቴ?"

"ሐሙስ ዕለት ይህን ዳገት አንገትህን ደፍተህ ነው የወጣኸው። አንዴ እንኳ ቀና አላልክም። ምስክር አለኝ።" አጠገቧ የቆመው ቁራ ራሱን ነቀነቀ።

"ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ቸኩዬ ነው።"

"ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ቅጣትህ ወርደህ ማየት ነው።"

ወርዶ አየ። አምስቱ ኮረብቶች አንዱ በሌላው ትከሻ ተደግፈው ተኝተዋል። መንገዱ በሁሉም ላይ ያልፋል፤ አንዱን ሲያቅፍ፣ አንዱን ሲሻገር፣ ከአንዱ ጀርባ ተሰውሮ ወዲያ ማዶ ብቅ ሲል ይታያል። ገብሱ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ታች ምንጩ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ሳቃቸው ይህን ሁሉ አየር አቋርጦ ጥርት ብሎ ይሰማል። መኪና ቢኖር ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ይህን ያህል ማማሩን ሲያይ ይርሳው ዕንባው መጣ። አህያዋም ፊሽካዋን ከአፏ አወጣች።

"እኔም ደመወዙ ሳያንሰኝ የቀረ መስሎሃል?" አለች። "እዚህ የምቆመው ለዚሁ ብዬ ነው።"

ዕንባውን ጠርጎ ቀና ሲል ስብሰባው መሃል ተገኘ። ነጭ ጋውን የለበሱ ላሞች ገበሬዎቹን አሰልፈው ይከትባሉ። አንድ ሰንጋ የይርሳውን ጎረቤት የጋሽ ደርሰህን እጅጌ ሰብስቦ መርፌውን ወደ ላይ አነሣ። "አይዞህ፣ እንደ ትንኝ ነው" አላቸው። ይህ ይርሳው ራሱ ለበሬዎቹ የሚላቸው ቃል ነው። ጋሽ ደርሰህ እንደ ጥጃ እምቧ አሉ።

ሰብሳቢዋ ጠዋት የከተባት ጥቁር ፍየል ነበረች። ወንበሩ ላይ በአንድ ጎኗ ብቻ ተቀምጣለች፤ የተወጋችበት ገና አልሻረላትም። አምስቱ ኮረብቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያዳምጣሉ።

"የመንገዱ ጠበቃ ይነሣ!" አለች ፍየሏ። "ይህ መንገድ ርዝመቱ ስንት ነው?"

"አላውቅም፣ ክብርት ሰብሳቢ። ስሄድበት ያልቃል፤ ስመለስ ግን እንደገና ይጀምራል።"

ፍየሏ ጢሟን አሸች። "ከባድ ነገር ነው። በል ተናገር፤ ለምን ይትረፍ?"

ይርሳው ሳምንት ሙሉ ያጠናውን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው የብስክሌት ደወል ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ሞከረ። "ቅጭል፣ ቅጭል" አለ። ኮረብቶቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁታል። ያን ሁሉ ዓመት ያንሸራሸሩትን ኮረብቶች በዚህች ቀን አንድ ቃል ነፈጋቸው። ይኼኔ ኮረብቶቹ ገብሳቸው እየረገፈ አንድ ላይ እጃቸውን አወጡ። ጭብጨባው እንደ ነጎድጓድ ተሰማ፣ ይርሳውም ነቃ።

ጭብጨባው የእውነት ነበር። ከላይ፣ ከመሰብሰቢያው ሜዳ፣ ሕዝቡ እየተነሣ ነው። ጋሽ ደርሰህ ዱላቸውን ይዘው እየሳቁ ወደ ወይራዋ ወረዱ።

"ተነሥ ዶክተር! እንኳን ደስ ያለህ!"

"ስብሰባው ተጀመረ እንዴ ጋሼ?"

"አለቀ እንጂ! በሰባት ሰዓት ነው የተጀመረው።"

"በሰባት?"

አህያ ፊሽካ ስትነፋበት ያልደነገጠው ሰውዬ አሁን ደነገጠ። ሰባት ተብሎ ሰባት ላይ የተጀመረ ስብሰባ አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

"የወረዳው ሰው ሌላ ቦታ ቀጠሮ ነበረበት" አሉ ጋሽ ደርሰህ።

"መንገዱስ?"

"ይከፋፈል ተባለ። ማን ይከራከር? ጠበቃው የለ። አከፋፋይ ኮሚቴም ተመረጠ። መቼም ከስብሰባ የቀረ ሰው ሳይመረጥ እንደማይቀር ታውቃለህ። ሊቀ መንበሩ አንተ ነህ! ያ ሁሉ ጭብጨባ ላንተ ነው።"

ይርሳው ሊነሣ ሲል ተመልሶ ቁጭ አለ። ቢተኛ ይሻለው ነበር። የሚወደውን መንገድ በገዛ እጁ ሊሸነሽን ነው፤ ያውም በሙሉ ድምፅ ተመርጦ።

ጋሽ ደርሰህ ግን ገና አልጨረሱም። "መለኪያ ገመድ የለንምና በብስክሌትህ ጎማ ዙር ትለካልናለህ። በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፤ ርዝመቱን ሊቀ መንበሩ ለክቶ ሳያረጋግጥ አንድ ጠጠር እንዳይነሣ።"

"አንድ ጠጠር?"

"አንድ ጠጠር።"

 ይርሳው ተነሣና የብስክሌቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

"ጎማ ሲሞላ አንድ ልክ፣ ሲተነፍስ ሌላ ልክ ነው ጋሼ። ብሳሳትስ? የሰው መሬት እኮ ነው።"

"እሱስ እውነትህን ነው። የመሬት ነገር ደም ያፋስሳል፤ ደጋግመህ ለካ እንጂ። ብቻ መቼ ትጨርሳለህ?"

ይርሳው ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ መሪውን ወደ ቀበቶ ፍታ አዞረ።

"ስሄድ ያልቃል ጋሼ" አለ። "ስመለስ ግን እንደገና ይጀምራል።"