አራት ትልም

ሦስት ሰው የተስማማበትን ነገር እውነት እንለዋለን። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ግን ምን እንበለው? የምጠይቃችሁ ለመፈላሰፍ አይደለም፤ ብቻዬን ስለምኖር ቤት ውስጥ የሚመልስልኝ አጥቼ ነው። የእኔ ዕድሜ ራሱ ቀበሌ ውስጥ በሁለት ምስክር ነው የተወሰነው። ሁለቱም ስወለድ እንዳዩ ሆነው ተናገሩ፤ ጸሐፊውም መዘገበ። አንደኛው ከእኔ ያንሳል።

ባለፈው በጋ ከአባቴ የወረስሁትን መሬት የይዞታ ደብተር ለማውጣት ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ግርጌ ወጣሁ። ለኪው ወጣት ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ይዞ መጣ፤ በክንድ እንኳ አይስትም አሉን። መሣሪያውን አበራና መጀመሪያ ያደረገው ግን ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ነበር፤ «ድንበሩ የት ላይ ነው?» ሰማይ ላይ ያለው ነገር ይህን አያውቅማ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉም ወደ አንድ ድንጋይ ጠቆሙ። ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያ የቆመ ነው አሉ። አልዋሹም፤ ያመኑትን ነው የተናገሩት። እዚያ ያቆምሁት ግን እኔ ነኝ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያው በምስክሮቼ ስሌት። በረዶ ገብሳችንን አጭዶት በድንች የከረምንበት ዓመት ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ ጉሙ የገዛ እጅን በማያሳይበት እኩለ ቀን፣ አባቴ ድንጋዩን ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ታደገ ማሳ አራት ትልም አስገባው አለኝ። አስገባሁት። አባቴን ለምን ብሎ መጠየቅ በእኛ ቤት ምን እንደሚያስከትል አልነግራችሁም።

አያ ታደገ ድንበሬ ተገፋ ብለው ጮኹ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ድንጋዩ ታየ፣ ቦታው ነው ተባለ። የሰው ስም በሐሰት አጥፍተዋል ተብሎ ተፈረደባቸውና ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ከደጃችን ቆሙ፤ በአገራችን ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲያ ነው። አባቴ ይቅር አላቸው፤ ድንጋዩን እንዳወርድላቸውም እኔን አዘዘኝ። አወረድሁት። እኔ ካዛወርሁት ይቀል ነበር።

አያ ታደገ ካረፉ ቆይተዋል። ሚስታቸው እትዬ ዓለምነሽ ግን በልኬታው ቀን ከሰዎቹ መካከል ቆመው ነበር። እርሳቸውን ሳይ ስንት ዘመን የያዝሁት አመለጠኝ።

«ድንጋዩን ያዛወርሁት እኔ ነኝ። ድንበሩ አራት ትልም ወደ እኔ ማሳ ገባ ይላል» አልሁ።

አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ለባልቴቷ አዝነህ ነው። ደግ ልጅ ወጣህ» አሉኝ። ሌሎቹም ተስማሙ። አያችሁ፣ ኃጢአቴን ብናዘዝ ምጽዋት አድርገው ቆጠሩልኝ።

የቀሩኝ እትዬ ዓለምነሽ ነበሩ። እርሳቸው ካመኑኝ ሁለት እንሆናለን። ዓይኔን ሳያዩ፣ ድንጋዩ እዚሁ የነበረ ነው አሉ። ለኪው ጻፈ።

ሰዎቹ ወደ ቀጣዩ ማሳ ሲሻገሩ እትዬ ዓለምነሽ ጠጋ አሉኝ።

«ታደገ ያውቅ ነበር። አዲሱን አፈር አይቶታል።»

«ታዲያ ለምን ተሸከሙ?»

«ብቻውን ማወቅ ደከመው። ለአጨዳ ደቦ የሚመጣለት ጠፋ፤ በማኅበር ጽዋ የሚያቀብለው ጠፋ። ተሸከመና ከሰው ተቀላቀለ። አንተ አሁን በከንቱ ተሸከመ ልታሰኘው ነው?»

ፊቴን ትንሽ አዩት።

«አንተስ ልጄ፣ ማን አለህ?»

ሄጄ ፈረምሁ።

ድንበሩ ዛሬ በደብተር፣ በሳተላይትና በሽማግሌ የጸና ነው። ያልተስማማው እግሬ ብቻ ነው፤ ወደዚያ በወጣሁ ቁጥር አራቱን ትልም ሳይረግጥ ዞሮ ያልፋል። የሚያዩኝ ሰዎች ዳገቱ ከብዶት ነው ይላሉ። ይሁን፤ በዚህ እኔም ተስማምቻለሁ።