ሰርቨሩን ጥላ ያስያዝኩት ዕለት

ሰው ለምን ይዋሻል ብትሉኝ፣ ግማሹ ለጥቅም፣ ግማሹ ከፍርሃት እላችኋለሁ። እኔ ግን የምዋሸው ለሣቅ ነው። እሱም ቢሆን ውሸት አይባልም፤ እውነቱን ትንሽ አሳብጦ ማቅረብ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ዛፍ ፍለጋ ይሄዳል ብዬ ባወራ፣ አገራችንን የማያውቅ ይስቃል። የሚያውቅ ደግሞ "የኔስ እንደሄደ ቀረ" ይላል።

ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በሚደራጅበት በዚያ ዘመን የመሬት ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ፊደል ባልቆጥርም ቁልፍ እይዛለሁ። ከኋላ ባለችው ክፍል ሰርቨር የሚሉት ሣጥን ተቀምጧል፤ የገበሬው መሬት መዝገብ ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ነው። የፊተኛው ቢሮ ኮምፒውተር ስም ሲጻፍለት በሽቦ ሣጥኑን ይጠይቅና የይዞታ ወረቀት ያወጣል።

አንድ ጠዋት ሣጥኑን ብነካው እንደ ፍም ይፋጃል። እኛ ቆለኞች የጋለ ነገር ካየን፣ ፍየልም ይሁን እንስራ፣ ጥላ ማስያዝ ነው። ተሸክሜ የውሃ በርሜል ወዳለበት መጋዘን ወሰድኩት፤ ሽቦዎቹን እዚያ ግድግዳ ላይ ባገኘሁት ቀዳዳ ሰካሁ። በራ። እፎይ አለልኝ።

ኮምፒውተሩ ግን "ሰርቨሩን አላገኘሁትም" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያን ዕለት ደግሞ እትዬ ዘይነባ ከጀውሃ መጥተዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም የማሾ ማሳቸውን የኔ ነው ብሎ ከሷቸው፣ በስምንት ሰዓት የይዞታ ወረቀቱን ፍርድ ቤት ማቅረብ አለባቸው።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሠናይት ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበትን ጽሑፍ ከፍታ የይለፍ ቃሉን ቀየረች፣ የተጠቃሚውን ስም ቀየረች፣ ላቧን ጠረገች።

"ጋሼ ደምሴ፣ ሰርቨሩ በርቷል?"

"እንዴታ! ጫት እንዳለቀበት ሰው ያጉረመርማል።"

"የነካው ሰው የለም?"

"ከፀሐይ በቀር ማን ደፍሮ!"

ቢሮው በሣቅ ፈረሰ። እትዬ ዘይነባ እንኳ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ወላሂ፣ አንተ ሰው ትገድለኛለህ!" አሉ። እንዲህ ከተሣቀ በኋላ "እኔ ነካሁት" ማለት እንዴት ይመጣል? ቆየት ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። ቆየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠናይት ቁልፉን ተቀብላኝ ከኋላ ገባች። ባዶ ጠረጴዛ። ሽቦውን ተከትላ መጋዘን ውስጥ አገኘችው። ለካ ሣጥኑ ቀዳዳ ሲቀይር አድራሻውም ይቀየራል፤ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ የተለቀቀ ቤት ሲያንኳኳ ውሏል። አዲሱን አድራሻ ጻፈችለት፣ ወረቀቱ ወዲያው ወጣ። እትዬ ዘይነባ ግን ባዶ እጃቸውን ሄደው ማሳው ለወንድምየው ተፈርዷል። ይግባኝ ይበሉ ቢባሉ፣ "ከዘመድ ጋር ሁለተኛ አልቆምም" አሉ። ሠናይት ለማንም አልተናገረችም። አየችኝ ብቻ።

እትዬ ዘይነባ ዛሬ ማሾ የላቸውም። ከጓሯቸው ማንጎ ግን በየዓመቱ ያመጡልኛል። "ደምሴ፣ በዚያ ክፉ ቀን ያሣቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ" ይሉኛል። ዘንድሮስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ እያልኩም ቢላ እፈልጋለሁ።

ማንጎው፣ እንዳልዋሻችሁ፣ ይጣፍጣል።