በነፃ የተቀባ ግድግዳ

እኛ ሐበሾች ገንዘብ መቀበል አናፍርም፤ የምናፍረው መቀበላችንን ሰው ፊት መናገር ነው። «ኧረ ተው፣ በሞትኩት!» እያልን እጃችንን ወደ ኋላ፣ ኪሳችንን ወደ ፊት እናደርጋለን። ሰጪውም ያውቃል፣ ተቀባዩም ያውቃል፤ ውሸት ነው የሚል ግን የለም። ይሉኝታ ይባላል። ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ በእሱ ቆሞ እንደዋለ እናንተም አታጡትም። ጣጣው የሚመጣው አብሮን ድንበር ሲሻገር ነው። ፓስፖርት አይጠየቅ፣ ኬላ ላይ አይፈተሽ፤ ሰተት ብሎ ሀርጌሳ ይገባል።

እኔ እዚያው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ ስላደግሁ ሶማሊኛ አይቸግረኝም፤ ስለዚህ ከአገሬ ልጆች አንዱ በታመመ ወይም በተከሰሰ ቁጥር አስተርጉም ተብዬ እጠራለሁ። ደሞዝ የለውም፤ እርግማን ግን አለው። የማድረው ግን መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ነው፣ ከታምሩ ጋር። ታምሩ የጎጃም ልጅ ነው፤ ቀለም ቀቢ፣ ማተቡን በኮሌታው ሸፍኖ የሚውል ጭምት። አከራያችን ወተት ሻጯ ኤዶ ሆዳን ናቸው። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ እዚህ ትልቅ ሴት እንዲያ ትጠራለች። በጦርነቱ ዘመን ወደ እኛ አገር ተሰደው ስለነበር አማርኛቸው ከእኔ ሶማሊኛ ይሻላል።

የውሃው ቧንቧ በኤዶ ሆዳን ደጅ ያልፋል። ውሃው ግን አያልፍም። ባለፈው ምርጫ አንድ ተወዳዳሪ መጥቶ ውሃ አስገባለሁ ብሎ ማለ፤ ተመረጠ፤ ምክር ቤት ገባ፤ ቧንቧውም ዝገት ገባው። ኤዶ ሆዳን ከአህያ ጋሪ ውሃ እየገዙ የወተት ዕቃቸውን ያጥባሉ። ወተቱ ያመጣውን ውሃው ይወስደዋል። ባል የላቸው፣ የሚደርስላቸው የለ፤ ንግዱን ልተወው ነው ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ይኸው ሰውዬ እንደገና ለመወዳደር መጣ። አቦ፣ የመኪናው ብዛት! ድምፅ ማጉያው የሞተ ያስነሳል። ኤዶ ሆዳን በር ላይ ቆመው ሰልፉ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ «እኔ ድምፅ ማጉያ የለኝም፤ ግድግዳ ግን አለኝ» አሉ። ታምሩ ተጠራ። ፊደሉን እኔ ጻፍኩለት፣ እሱ አሳምሮ በሰማያዊ ቀለም ገለበጠው፤ «ቃል የገባህልንን ውሃ እየጠበቅን ነው» ይላል። ከሥሩም ከራሱ ጨምሮ አንድ ቧንቧ ሣለ፤ ከአፉ ጠብ የሚል ነገር የሌለው። ኤዶ ሆዳንም ከመቀነታቸው አንድ እስር ሽልንግ ፈትተው ሰጡት። በሞትኩት አለ፣ ተግደረደረ፣ ተቀበለ። ዓይኔ አይቷል።

አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነበው ጀመር። ባለጋሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ኤዶ ሆዳን ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው የሰማቸው መሰላቸው፤ ወተት ሲቀዱ እንኳ ያንጎራጉሩ ነበር።

በማግስቱ የምርጫ ወጪ እቆጣጠራለሁ የሚል ሰው መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ ላማው አልችልም። ግድግዳው የእርስዎ ነው፣ ቃሉም የእርስዎ ነው፣ ማንም አይከለክልዎትም አላቸው። ደንቡ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውጭ አገር ሰው በምርጫ ቅስቀሳ ላይ በገንዘብም ሆነ በጉልበት አይረዳም። ደንቡ ደግ ነው እኮ! ሀብታም ጎረቤት በከረጢት ብር ይዞ መጥቶ አገር እንዳይገዛ የወጣ ነው። ታምሩ ከረጢት የለውም። ብሩሽ ነው ያለው።

«እኔ ከፍዬ ነው ያስቀባሁት» አሉ ኤዶ ሆዳን፣ ኮራ ብለው።

ሰውየው ወደ ታምሩ ዞሮ ስንት ተቀበልክ አለው። ተረጎምኩ። ታምሩ ሰፈርተኛውን አየ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት አየ፣ ፊቱ ቀላ።

«ኧረ በእመቤቴ! ከእሳቸው? እናቴ አይደሉም እንዴ! አንዲት ሳንቲም አልነካሁም!»

ምን ብዬ ልተርጉም? አፌን ስከፍት ሰውየው ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። ለካ አማርኛ ይሰማል፤ እሱም ልጅነቱን ያሳለፈው በስደት እኛ አገር ኖሯል። ተከፍሎት ቢሆን የእርስዎ ወጪ ነበር፤ በነፃ ከሆነ ግን የውጭ ሰው ስጦታ ነውና ዛሬውኑ ይጥፋ አላቸው። ታምሩ ደንግጦ፣ «ተቀብያለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ተቀብያለሁ!» ቢል፣ እኔም ብመሰክር ማን ይስማን! ከአፍ የወጣ ቃል፣ ከእጅ የወደቀ እንቁላል። ጭራሽ ኤዶ ሆዳን ውሸታም ሆነው ቀሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን የዚያ ተወዳዳሪ መኪኖች ከወዲያ ማዶ ይጮሃሉ፤ የእነሱ ነዳጅ ደረሰኝ አለው።

«በሕግ አምላክ ሲባል የሚሄድ ውሃ ይቆማል» ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ሰፈር ውሃው ቀድሞ ስለቆመ፣ ሕጉ የሚያቆመው ቢያጣ አሮጊቷን አቆመ።

«ለምን ዋሸህ?» አሉት ኤዶ ሆዳን፣ ቀስ ብለው።

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ ኤዶ።»

«ያንተ ይሉኝታ የእኔን አፍ ዘጋ።» ቢሰድቡት በተሻለው ነበር።

ታምሩ ከቤት የተረፈ ኖራ አመጣ። ኖራ ግን ያለ ውሃ አይበጠበጥም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ መጠየቁም ከበደው። ኤዶ ሆዳን ገብተው፣ ጠዋት ከጋሪ የገዙትን ጀሪካን እየጎተቱ አወጡና እግሩ ሥር አስቀመጡለት። ቀጥለው መቀነታቸውን ፈቱ።

«ይኸው የማጥፊያው ዋጋ» አሉ፣ ተቆጣጣሪው እንዲሰማ ጮክ ብለው። የታምሩ እጅ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁ፤ ልማድ ነው። «ተቀበል ልጄ፤ ይኼም ስጦታ እንዳይባልብኝ።»

ተቀበለ። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። የጻፈበትን ዋጋ የካደ ሰው የሚያጠፋበትን በአደባባይ ተቀበለ። ከዚያ ብሩሹን ነክሮ ከላይ ጀመረ፤ ፊደሉ አንድ በአንድ ጠፋ፣ ቧንቧው ብቻ ቀረ። ኖራው ቀጥኖ ነበርና ሲለቀልቅበት ከተሣለው ቧንቧ አፍ ላይ እየተንጠባጠበ እስከ መሬት ወረደ።

ኤዶ ሆዳን ባዶውን ጀሪካን አንስተው፣ ጋሪ ለመጥራት ከመሄዳቸው በፊት፣ ቆም ብለው አዩት።

«እነሆ» አሉ፤ «ውሃው መጣ።»