ሃያ ቀን ያልተረገጠ ሳር

እኛ ሰፈር ዝም ብሎ መቀመጥ የሚባል ነገር አይታወቅም። ሰው ከተቀመጠ ወይ ሽንኩርት ይልጣል፣ ወይ ምስር ይለቅማል፣ ወይ ታክሲ ይጠብቃል። እጇን አጣጥፋ ደጇ ላይ የተቀመጠች ሴት ያየ ጎረቤት «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ሳይላት አያልፍም። ባልና ሚስት ጎን ለጎን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንም ሳይሠሩ ከተቀመጡማ ነገሩ ከበድ ይላል። የእናንተን ሰፈር እንጃ። አፍንጮ በር ግን እንዲህ ነው። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ያውም እኔ ያልሆነውን ሁሉ አስቀድማ ታስባለች ተብዬ የምታማ ሰው!

ሐሜቱ እውነት ነው። ብርዱን እፈራለሁ፣ ሙቀቱን እፈራለሁ። ልጄ ካለቀሰ ምን ሆነ እላለሁ፣ ዝም ካለ ደግሞ የባሰ። ኪሩቤል ዓመት ከአምስት ወር ሞልቶት አልሄድ ሲል ግን ፍርሃቴ ሁሉ ተሰብስቦ እግሩ ላይ አረፈ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ «ምንም የለበትም፣ ጊዜውን ጠብቂ» አለችኝ። ጎረቤት ደግሞ የሚያውቀው አንድ ተረት ብቻ ነው። ወንፊት ልዋስ ብሄድ፣ ወፍጮ ቤት ብሰለፍ፣ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፤ እንቁላል መቼ ወለድኩ?

የደጃችንን መሬት ብታዩት ግን ትፈርዱልኝ ነበር። ሁለት ፍራሽ ቢነጠፍበት የሚሞላ ቦታ ነው፤ እሱም ድንጋይና የተሰባበረ ሲሚንቶ። እዚያ ላይ ልጅ አይወርድም ብዬ ቤት ስሆን አልጋ ላይ፣ ደጅ ስወጣ ጀርባዬ ላይ አድርጌ አሳደግኩት። ባሌ ዳዊት ቤት ቀለም ይቀባል። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዛሬ የምቀባበት ግቢ የኪሩቤል እኩያ ልጅ አለ። ሳር ላይ ሲወድቅ ይስቃል፣ ሲነሳ ይስቃል» አለኝ። ቀጠለና ደግሞ፣ «የኛ ልጅ እግሩ አልሰነፈም። አንቺ ነሽ መሬት ያላስነካሽው።»

ቀልዶ ነው። ነገሯ ግን ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ልጄ የማይሄደው በእኔ ፍርሃት ከሆነስ? ሳሩ ይምጣ አልኩ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው» የሚባለው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው። ገደሉን ኋላ ታዩታላችሁ።

ሳሩ ከነአፈሩ እንደ ዳቦ ተቆርጦ በጆንያ መጣ። ዳዊት ከምኒልክ አደባባይ በታክሲ ሲያመጣው ረዳቱ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ «ፋዘር፣ በጉስ?» ብሎታል። ጋሽ በለጠ የሚባሉ አትክልተኛ መጥተው ድንጋዩን ለቀሙ፣ ለም አፈር አለበሱ፣ ቁርጥራጩን ጎን ለጎን ገጣጠሙት። ከበራችን እስከ አጥሩ መውጫ ድረስ ቀጭን የድንጋይ መተላለፊያ ብቻ ተዉልን።

«በሉ እንግዲህ፣ ሃያ ቀን የሰው እግር እንዳይነካው። ሥር ይስደድ» አሉ።

«ልጅ ቢነካውስ?» አልኳቸው።

«ልጅ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሃያ ቀን ሙሉ ልጅም ሳርም ጠበቅኩ። ካርቶን ላይ «አይረገጥም» ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እምብዛም አልጻፍኩምና ፊደሎቹ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ወጣ፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ አነበበው። ያላነበበችው የሰፈሩ ድመት ብቻ ናት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት እኛ በጆግ ስንታጠብ ሳሩ በባልዲ ይጠጣ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ የሺ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ላም ልትገዙ ነው ወይ?» ብለውኛል።

ሃያ አንደኛው ቀን እሁድ ዋለ። መጀመሪያ እኔና ዳዊት እንቀመጥ፣ ከዚያ ልጁን እናውርደው ተባባልን። ከወለድኩ ወዲህ ከባሌ ጋር ጎን ለጎን የተቀመጥኩት ታክሲ ውስጥ ብቻ ነበር። የቤታችን ወንበር ደግሞ እግሩ ቀጭን ነው፤ ሳሩን ይወጋዋል ብዬ ፈራሁ። ዳዊት የእድሩ ዕቃ ቤት ሄደና እግሩ ጠፍጣፋ የሆነውን ረጅሙን አግዳሚ ተውሶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በመንደሩ መሀል ይዞት መጣ።

ገደሉ ይኸው ነበር።

ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን። ፀሐዩ ጠንከር ስላለ ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አደረግኩ። ዳዊት ጋቢውን ተከናንቦ አገጩን በእጁ ደገፈ። ኪሩቤል ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። የሳሩ ቅዝቃዜ በእግር ጣቶቼ መሀል ሽቅብ ሲወጣ ይሰማኛል። ደስታም እንደ ሐዘን ዝም ያሰኛል ለካ፤ አንዲት ቃል አልተናገርንም።

እማማ የሺ ገቡ። በረጅሙ ተነፈሱ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ። ሳሩን ሊያዩ ነው ብዬ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ከታች ሰፈር መጡ። እነሱም ዝም። የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሳራችንን እንዴት ቢያከብሩት ነው እያልኩ በልቤ ሳመሰግን፣ ማዶ ለማዶ የምንተያየው ጎረቤቴ ጽጌ በትልቅ ሳህን ንፍሮ ይዛ ገብታ መተላለፊያው ላይ አስቀመጠች።

ንፍሮ! እንዲህ ሰው ዝም ብሎ በተሰበሰበበት ንፍሮ የሚመጣው ለማን እንደሆነ የማታውቁ የላችሁም። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን እናት አለችኝ። ሰዎቹ የመጡት መርዶ ሊያረዱኝ ነው! ልጁን ለዳዊት ወርውሬ ተነሳሁ።

«ወይኔ እናቴን!»

እማማ የሺ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! እናቷን ነው ለካ!» ግቢው በለቅሶ ተናጠ።

«መቼ ሞቱ? ማን ነገረሽ?» አለ ዳዊት፣ ልጁን እንደታቀፈ።

«እነሱ ናቸዋ!»

«እኛ?» አለች ጽጌ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እኛማ ማን እንደሞተ የሰማነው አሁን አንቺ ስትጮሂ ነው!»

ለቅሶው መሀል ላይ ቆመ። እናቴ ጋ ተደወለ። እናቴ ራሷ አነሳችው፤ ልብስ እያጠበች ነበርና ቶሎ በይ አለችኝ።

«ታዲያ የእድሩን አግዳሚ ለምን አወጣችሁት?» አሉ እማማ የሺ፣ ቆጣ ብለው።

«ልንቀመጥበት።»

«ለምን?»

ዳዊት አየኝ፣ አየሁት። «እንዲሁ» አለ።

«እንዲሁ!» አሉ እማማ የሺ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ሁላችንንም ይዞን ሄደ።

በዚያ ሳቅ መሀል ዳዊት ልጁን ሳሩ ላይ አወረደው። እኔም መሳቄን ተውኩ። ሃያ ቀን የጠበቅኩት ይህችን ሰዓት ነበር። የኪሩቤል እግር ሳሩን ሲነካ ልጄ ፍም እንደረገጠ ሁለቱንም እግሩን ሰበሰበ። ደግመን አወረድነው፤ ደግሞ ሰበሰበ። ሳሩን ቁልቁል እያየ ፊቱን አጨማደደ። እንባዬ ሊወርድ ምንም ሳይቀረው ተመልሼ አግዳሚው ላይ እማማ የሺ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዳዊት ተስፋ ቆርጦ መተላለፊያው ዳር፣ ድንጋዩ ላይ አቆመውና የአግዳሚውን ጫፍ አስያዘው።

ልጁ ንፍሮውን አየ። አግዳሚውን ለቀቀ። አንድ። ሁለት። በዚያ በምፈራው ድንጋይ ላይ አራት እርምጃ ሄደና ወደቀ።

ዘልዬ ልነሳ ስል እማማ የሺ የነጠላዬን ጫፍ ጨምድደው ያዙኝ። «ተቀመጪ!» ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። እመጣ እንደሆነ እየጠበቀ ነው። አልመጣሁም፤ ነጠላዬ ተይዟል። እሱም ጥቂት አሰበ፣ መዳፎቹን ድንጋዩ ላይ ደገፈ፣ ተነሳ፣ ሄደና ከሳህኑ አንድ እፍኝ ንፍሮ አነሳ። ለቀስተኛው ሁሉ እልል አለ።

ኪሩቤል እስከ ዛሬ ሳሩን አይረግጥም። ሳሩ ዳር ሲደርስ ገደል እንዳየ ዞሮ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። እሁድ እሁድ እሱ መተላለፊያው ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል እኔና አባቱ ሳሩ ላይ ጋደም እንላለን። ባለፈውም እንደዚሁ ተጋድመን ጧ የሚል ድምፅ ሰማን።

«ወደቀ እኮ» አለኝ ዳዊት።

«ይነሳል» አልኩት። «አንተ ጠጋ በል።»