አንዷ ሰዓት ከማን ጠዋት ትቆረጥ?

«አንድ ሰዓት ብቻ እኮ ነው! ማታው ላይ አንዲት ሰዓት ብርሃን ብትጨምሩልን ምን ይቆርጣችኋል?»

እንዲህ እያልኩ ስጮህ ነው በሕልሜ ያደርኩት። የምጨቃጨቀው ደሞ ከሰው ጋር ቢሆን ጥሩ ነበር። ከአውራ ዶሮ ጋር ነው።

ያናደደኝ የትናንቱ ነገር ነው። ሙክት በግ ለሚያሸልመው ዋንጫ ከላይ ሰፈር ጋር አንድ ለአንድ ሆነን፣ መጨረሻ ላይ ሪጎሬ አገኘን። መቺው እኔ። አምናም የሳትኩት እኔው ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ «ይማም፣ ብሩን ከሱቁ በላይ እንዳትሰደው» እያሉ ሲያበግኑኝ ከርመዋል። ኳሷን አስቀምጬ ወደ ኋላ ስንደረደር፣ ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ጥልቅ! የደሴ ፀሐይ ደህና እደሩም አትልም። ዳኛችን ጋሽ ሙሄ የቀበሌ ጡረተኛ ናቸው፤ ፊሽካ ነፉና «በረኛው አይታየኝም። ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ይመታል። የቀረ ቀረ!» አሉ።

ተቃጥዬ ተኛሁ። ወዲያው ቀበሌ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ደጅ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። እኔን ሲያዩ ተጋፉ። «ወንድሜ፣ እኔ ጋ ና፣ ቶሎ ነው የምጨርስልህ!» አንዷማ እጄን ጎተተችኝ፦ «ዛሬ ሲስተም አለ! በአላህ፣ እንዳያመልጥህ!»

ውስጥ ስገባ ሙክቱ ራሱ ሊቀመንበር ሆኖ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አጀንዳው አንድ ነው፦ ማታ ብርሃን እንዲቆይ አገሪቱ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ትግፋ ወይስ አትግፋ። ፀሐይ አልቀረበችም፤ አውራ ዶሮውን ወክላ ልካለች።

«እኔ ስጮህ አስራ ሁለት ነው» አለ ዶሮው። «አንድ ሰዓት ነው ካላችሁኝ፣ አርፍዶ ጮኸ የሚባለው ማነው? እኔ!»

«ቀደም ብለህ ጩኻ!»

«በጨለማ? ሸለምጥማጥ ቢይዘኝ አንተ ልትደርስልኝ? ከአስራ አንድ ሜትር በር የጠፋህ ሰውዬ!»

እዚህም አወቁብኝ!

ጦሳ ተራራ ከኋላ እጁን አወጣ። «እኔ ትንሽ ቁጭ ብልላችሁስ? ጉልበቴም አልቋል።» እኔ በደስታ ዘለልኩ። ሙክቱ ግን «ለመቀመጥ ማመልከቻ ያስፈልጋል፣ በሦስት ኮፒ» አለው። ተራራው እያጉረመረመ ወረቀት ሊገዛ ወጣ።

«እሺ፣ ጨመርን እንበል» አለ ሙክቱ። «ያቺ አንዷ ሰዓት ከየት ትምጣ?»

«ከጠዋት ቁረጧት!»

«ከማን ጠዋት?»

ተሰብሳቢው ተንጫጫ። ዳቦ ጋጋሪው «የኔን ብትነኩ ሊጡ ይኮመጥጣል» አለ። የሚኒባሱ ሹፌር «የኔን ከነካችሁ አገር ሥራ አይገባም» አለ። ሁሉም ጠዋቱን ብብቱ ስር ሸሸገ። ይሄኔ ታላቅ እህቴ ዘይነባ ሸበጧን እያንጣጣች ገባች።

«ከይማም ጠዋት ቁረጡ። እሱ እንደሁ አይጠቀምባትም።»

ጭብጨባው ጣራ ነቀለ። ሙክቱ ፊሽካውን ነፋ፤ ጸደቀ። «አቤቱታ አለኝ!» ብል ማን ይሰማኛል? ዶሮው መቀስ አምጥቶ ጠዋቴን ከጫፏ ቆረጥ አደረገና ማታው ላይ ሰፋት። ሜዳው ቦግ አለ። ኳሷ ቦታዋ ላይ ናት። በረኛው በፀሐዩ ዓይኑን ያሻል። ቢሆንስ፣ አልኩ፣ ጠዋቴ ትበላ፣ ይቺን ላግባ እንጂ! ተንደርድሬ እግሬን ሳነሳ ግድግዳውን ጠለዝኩት።

ነቃሁ። አውራ ጣቴ ተገሽልጧል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋዬ ላይ ተዘርግታለች። ዘይነባ በር ላይ ቆማለች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት።»

«ምነው ሳትቀሰቅሽኝ!»

«ሦስቴ ቀሰቀስኩህ። ‹ጠዋቴን መልሱ› እያልክ ትሳደባለህ።»

«ሪጎሬውስ?»

«ተኝቷል ብዬ ልነግራቸው ሜዳ ወረድኩ። ጋሽ ሙሄ ‹ባለጉዳዩ ካልቀረበ በወኪል ይቻላል› አሉ።»

«ወኪሉ ማን ሆነ?»

ቀና ብዬ እግሯን አየሁ። የቀኝ ሸበጧ ተበጥሷል።

«እኔ መታሁት፣ ገባ። ሙክቱ ጓሮ ታስሯል፤ ተነስና ውኃ አጠጣው።»