ክዳን የማይከፍተው ፋራህ

የካቻምናው ሙቀት ከሚያዝያ ጀምሮ ነው የያዘን። የሰፈራችን የከዚራ ዛፎች እንኳ ጥላቸውን ለራሳቸው ብቻ ያስቀሩት ይመስል ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥግ ይይዛል፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ይረጭና ይጋደማል። እኔም በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ነጠላዬን አርጥቤ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ዝም ብዬ እላብ ነበር። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ እሱም ፋራህ ነው።

መቼም ፎቶ የሚያበዛ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ምግቡን የሚያነሳ አለ፣ ራሱን የሚያነሳ አለ፣ የልጅ ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር የሚያነሳ አለ። ለእኛ ሰፈር የተሰጠን ግን ሳጥን የሚያነሳ ነው። ክቡር አቶ ፋራህ፣ የምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ጡረተኛ፣ የካርቶንና የሳጥን ሁሉ ባለአደራ! ሰው አያነሳም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ተቃቅፈው "አንሳን" ቢሉት፣ እሱ ከኋላቸው የተደረደረውን የለስላሳ ሳጥን ያነሳል።

የክብሪት ቀፎ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ የጫማ ካርቶን፣ የሊስትሮ ሳጥን፣ ምንም አይንቅም። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ሳጥኑ ዝግ መሆን አለበት። ሰፈር ውስጥ አንድ የብስኩት ካርቶን ሊከፈት ነው ከተባለ፣ ከየት እንደሚሰማ እንጃለት፣ ይደርሳል። "ቆይ፣ ሳይከፈት!" ይላል። ይንበረከካል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በስልኩ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ ያነሳል። አራቱ ጎን ካልሞላ ከመሬት አይነቃነቅም።

"ወሪያ ፋራህ! አይስክሬሙ ውሃ ሆነብኝ እኮ!" ይለዋል ባለሱቁ ዋሪስ።

"አቦ፣ አንዴ! ሦስተኛው ጎን ቀርቶኛል!"

አንድ ቀን የሰው አጥር ላይ ያለ የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ሲያነሳ ዘበኛ ያዘው። "ምን ልትሰርቅ ነው?" ብሎ እየጎተተ ለሰፈር ሹሞች አስረከበው። ክቡርነታቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠየቁ ቆይተው ሲወጡ አራት አዲስ ፎቶ ይዘው ወጡ፤ እዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሐሳብ መስጫ ሳጥን። "እህቴ፣ ሸረሪቷ ሳትቀር ጥርት ብላ ወጥታለች" አለኝ በኩራት።

የባሰው ግን ቀብር ላይ ያደረገው ነው። የሬሳ ሳጥኑ ገመድ ተይዟል፣ ካህኑ ጸሎታቸውን ጨርሰዋል፣ ሰዉ አንገቱን ደፍቷል። ከኋላዬ "ቆዩ፣ ሳይወር..." የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብዬ አፉን በነጠላዬ አፈንኩት። ቃሉን ባይጨርሰውም ስልኩን አውጥቶት ነበር።

"አሁን ይህ ምን ይባላል?" አልኩት ስንመለስ።

"ሠላሳ ዓመት ሳጥን ተቀበልኩ፣ ፈረምኩ፣ ሸኘሁ። አንዱም እንኳ ፊቱ ትዝ አይለኝም። ይሄ አያሳዝንም?"

"ሳጥን ደሞ ፊት አለው?"

"የለውም እንዴ! የሰፈሩን ሁሉ ፊት አውቃለሁ። ያንቺን ብቻ ነው የማላውቀው፤ ከልክለሽኝ።"

እውነቱን ነው፣ ከልክዬዋለሁ። የኔ ሳጥን ባለቤቴ ኃይለመለኮት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጋላ ሰፈር ካለ አናጢ ያሠራው የጣውላ ሳጥን ነው። ውጪው አረንጓዴ፣ ፊቱ ላይ ቀይ አበባ፤ ውስጡ ቀለም አልነካውም። ኃይለመለኮት ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው። ወደ ጅቡቲ ከመሄዱ በፊት ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ አንድ ቃል ይጽፍልኛል። እስኪመለስ ድረስ ከሥሩ እያየሁ ስጽፍ እቆያለሁ። ትምህርት ቤቴ እሱ ክዳን ነው። የመጀመሪያው ቃል "ፍቅር" እንዳይመስላችሁ፤ "ሽንኩርት" ነው። ከሞተ ወዲህ የእጁ ጽሕፈት የቀረኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋራህ በለመነኝ ቁጥር "የኔ ሳጥን ለሰው ዓይን አይወጣም" እለው ነበር።

ወጣ እንጂ! በእኛ ሰፈር የሙሽራ ዕቃ በሳጥን ነው የሚሸኘው። ሰልፉ እንዲረዝም ደግሞ ጎረቤት ሳጥኑን ያውሳል። የሙሽራዋ ዕቃ ያለው አንዱ ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ባዷቸውን ሄደው ይመለሳሉ፤ ማንም ከፍቶ አይጠይቅም። የግድግዳ ጎረቤቴ ናፊሳ ልጇን ዱኒያን ለዋሂል መንደር ሰው ስትድር እያፈረች መጣች። "እትዬ፣ ስድስት ሞላልኝ። አንድ ብቻ ቀረኝ" አለችኝ። ዱኒያ እኮ ግማሽ እድሜዋን እኔ ቤት ነው ያደገችው። በውስጡ ያለውን ልብስ አውጥቼ ሰጠኋት።

የሽኝቱ ቀን ሰባቱ ሳጥኖች መኪናው አጠገብ ተደረደሩ። ለካ ሁሉም የዚያው አናጢ እጅ ናቸው! አረንጓዴ፣ ቀይ አበባ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ አበባ። ፋራህ እየሮጠ መጣ።

"ቆዩ፣ ሳይጫን!"

ሰባት ሳጥን፣ አራት አራት ጎን። ሾፌሩ ዒሴ ጥሩምባውን ነፋ። የሙሽራው ወገኖች አጉረመረሙ። እኔም "አቦ፣ አሁንስ አበዛኸው!" ብዬ በሰው ፊት ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ፤ ማንሳቱን ግን አልተወም።

በሦስተኛው ቀን ስድስቱ ተመለሱ። የኔ የተባለውን ክዳን ብከፍተው ውስጡ ልሙጥ ጣውላ ነው፤ አንድ ፊደል የለም። ቤት ለቤት ዞሬ የሌሎቹን አምስቱንም ከፈትኩ፤ እነሱም ልሙጥ። አዳዳ እያለች እንደ አክስት ለምታየኝ ለዱኒያ አስደወልኩ።

"አዳዳ፣ እኔ ጋ ያለውማ ያማረ ጨርቅ የለበሰ ነው። ጽሕፈት የለውም" አለችኝ።

የኔ ሳጥን ጨርቅ አልነበረውም። እንግዲህ መንገድ ላይ ጠፋ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ።

ፋራህ ስልኩን ይዞ መጣ። ስለጩኸቴ ምንም አላነሳም። ሃያ ስምንቱን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየኝ። "እዚህ ላይ ተመልከቺ። ኋላው፣ የግራው ማጠፊያ። ይሄ ምንድን ነው?"

ብሎን ነው። ማጠፊያው ሲሰበር ኃይለመለኮት ከባቡር ጋራዥ ያመጣው ወፍራም ብሎን። ሃምሳ ዓመት ከሳጥኑ ጋር ኖሬ ኋላውን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከተመለሱት ከስድስቱ አንዱም ብሎን ስላልነበረው፣ በማግስቱ ማለዳ ፋራህ ዱኒያ ጋ ያለውን ሊያይ ወደ ዋሂል ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ፤ ሳጥኔን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወረደ።

"ብሎኑ አለ። ሁሉም ስለሚመሳሰሉ ዕቃዋን ያንቺ ውስጥ ነው የከተቱት። ጨርቁን የለጠፈችው የሙሽራው አክስት ናት፤ ለሙሽራ ራቁት ክዳን ነውር ነው ብላ። ዱኒያን ላጪው አልኳት።"

"ጽሕፈቱስ?"

"አለ፣ አለ ብላ አለቀሰች።"

"አንተስ አላየኸውም?"

"እኔ?" አለ ተቆጥቶ። "ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። የሰው ክዳን አልከፍትም።"

ከፈትኩት። ሙጫው ጥቂት በልቶበታል፤ "ሽንኩርት" መጨረሻ ፊደሉን አጥቷል። የቀረው ግን ኃይለመለኮት ነው፣ ያ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል እጁ፤ ከሥሩ ደግሞ የኔ ጎባጣ ፊደሎች።

"ፋራህ፣ አንሳው" አልኩት።

ወዲያው ክዳኑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

"አይ። ክፍቱን።"

"ክፍቱን?"

"ክፍቱን። እርሳሱ እየለቀቀ ነው። እንዲህ ሆኖ ዳግመኛ ቢጠፋብኝ ምን ይዤ እቀራለሁ?"

መነጽሩን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። ተንበረከከ። ያን ሰውዬ ያን ያህል ፈርቶ አይቼው አላውቅም። አንዴ ብቻ አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ አነበበና "ሽንኩርት?" አለኝ።

"ወጥ ይወድ ነበር" አልኩት። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ፎቶውን አሳጥቦ አመጣልኝ፤ አልጋዬ ራስጌ ነው። እሱ ግን ዋሂል ላይ ማንም ያላነሳው ሳጥን አየሁ ብሎ እዚያ ክፍል ተከራየ። አሁን እኛ ሰፈር ካርቶን እንደልቡ ይከፈታል፤ የሚቆጣም የለ። እኔ ብቻ የብስኩት ካርቶን ስይዝ፣ አራት ጎኑን እስክትቆጥሩ ድረስ፣ እጄ ይዘገያል።

ዱኒያ እንደነገረችኝ፣ ፋራህ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ዋሂል ገበያ ነበር፤ የቲማቲም ሳጥን ፊት ተንበርክኮ።